ስለ ቤንዚን ሞተር ፈተና

ዛሬ ለቤተ ሰብ ገጽ የማይስማማ የሚመስል ነገር፥ ይኸውም የቤንዚን ሞተርን ነገር፥ ይዤ ቀርቤአለሁ። ‹‹ሞተር የመካኒኮች ጉዳይ ነው፤ ከቤት እመቤት ጋራ ምን ያገናኘዋል?›› የሚል ሰው ቢኖር ጥቂት እንዲታገሠኝ እለምነዋለሁ። በቤንዚን ሞተር የሚሄድ ሠረገላ በረጅም መንገድ መጀመሪያ የተፈተነው በአንዲት የልጆች እናት እጅ ነውና። በእኛም በገለምሶ ለሞተር የሚከፈለው ገንዘብ ብዙውን ጊዜ ከቤት እመቤት ቁጠባ የሚወጣ ነው።

አገራችን ቡናና ጫት የሚበቅልባት ተዳፋት አገር ናት። ዝናም በቀረ ጊዜ ከወንዝ ዳር መሬት ያለው ሰው በትንሽ የቤንዚን ሞተር ውሃ እየሳበ ተክሉን ያጠጣል። ሞተር የሌለው ግን ተክሉ ሲደርቅ ቆሞ ያያል። ስለዚህ ሞተር መግዛት ለብዙ ቤት ከበሬ መግዛት የማያንስ ጉዳይ ሆኖአል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ባላቸው የሞተባቸው አንዲት ጎረቤታችን ይህን የመሰለ ሞተር ሊገዙ ተነሡ። ገንዘቡ የሁለት ዓመት የቡና ሽያጭ ነበረ። እኔ በፍርድ ቤት በጸሐፊነት ስለማገለግል፥ ‹‹ልጄ፥ አንተ ጽሕፈት ታውቃለህና የመረከቢያውን ወረቀት ጻፍልኝ›› ብለው ከሥራ ሰዓት ውጭ ጠሩኝ። በነጋዴው ግቢ በሲሚንቶ ላይ ሞተሩ ተቀመጠ፤ ገመዱ ሁለት ጊዜ ተሳበ፤ ሞተሩም ጮኸ። ሁላችንም ተደሰትን። እኔም እንደ ልማዴ ‹‹አይቼ፥ ፈትሼ፥ ወድጄ ተረክቤአለሁ›› ብዬ ጻፍሁ፤ እርሳቸውም በጣታቸው ፈረሙ። ‹‹ፈትሼ›› ብዬ የጻፍኋት ነገር በሰዓት ብትለካ አምስት ደቂቃ አትሞላም ነበር።

በአራተኛው ቀን ሞተሩ በወንዙ ዳር ሥራ ላይ ሳለ ድምፁን ለውጦ ጮኸና ቆመ። ገመዱ ቢሳብ አልንቀሳቀስ አለ። መካኒክ መጥቶ ሲፈታው ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋራ ተጣብቆ ተገኘ። ምክንያቱ በኋላ ታወቀ። እንዲህ ያለ ትንሽ ሞተር ዘይቱን የሚያገኘው ከሥሩ የተኛውን ዘይት አንዲት ትንሽ ማንኪያ የመሰለች ብረት እየረጨችለት ነው። ሞተሩ በተዳፋት ላይ አዘንብሎ ሲቀመጥ ዘይቱ ወደ አንድ ወገን ይሸሻል፤ ማንኪያይቱም አየር ትቀዝፋለች። በነጋዴው ግቢ መሬቱ ደልዳላ ስለ ነበረ ሞተሩ ጤነኛ መሰለ፤ በወንዙ ዳር ግን ደልዳላ የሚባል ቦታ የለም። ይህንም ለሴትዮዋ የነገራቸው ሰው አልነበረም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፥ ገዢ የገዛውን ዕቃ በቶሎ እንዲመረምር፥ ጉድለትም ቢያገኝ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዛል። እርሳቸው በማግሥቱ አስታውቀዋል። ነጋዴው ግን እኔ የጻፍሁትን ወረቀት አውጥቶ ‹‹ፈትሼ ብለው ፈርመዋል›› አለ። ነገሩ ወደ ፍርድ ሳይደርስ ሽማግሎች ገብተው ከገንዘቡ እኩሌታው ተመለሰላቸው። ሴትዮዋ በእኔ ላይ አንድ ቃል እንኳ አልተናገሩም። ከቤታቸው ደጅ ባለፍሁ ቁጥር ቡና ይጠሩኛል፤ እኔም ሰበብ እየፈጠርሁ አልፋለሁ።

ከዚያ ወዲህ ነው ሞተር እንዴት እንደሚፈተን ከመጻሕፍት መፈለግ የጀመርሁት። ከሁሉ ይልቅ የሳበኝም የቤርታ ቤንዝ ታሪክ ነው።

ወይዘሮ ቤርታ በጀርመን አገር በፕፎርትስሃይም ከተማ ተወልዳ ያደገች ናት። ካርል ቤንዝ የሚባለውን መሐንዲስ ከማግባቷ አስቀድሞ፥ ጥሎሿን ከወላጆቿ ተቀብላ እርሱ የሥራ ቤቱን እንዲያቋቁምበት ሰጠችው። በታኅሣሥ ወር 1872 ዓ.ም. በፈረንጆች የዘመን መለወጫ ዋዜማ፥ እልፍ ጊዜ እንቢ ያለው ሞተር ባልና ሚስት ከራት በኋላ ወደ ሥራ ቤቱ ወርደው ቢያስነሡት መሥራት ጀመረ። ካርል ቤንዝ ሲያረጅ በጻፈው የሕይወቱ ታሪክ ይህን ሌሊት በታላቅ ደስታ ያነሣዋል። በጥር ወር 1878 ዓ.ም. ደግሞ ባለ ሦስት እግር ለሆነው የሞተር ሠረገላ የፈጠራ መብት ወረቀት ጠየቀ። ገዢ ግን አልተገኘም። ሠረገላዋ በማንሃይም መንገዶች ላይ ለአጭር ጊዜ ትሄዳለች፥ ትመለሳለች፤ ሰውም ያያል፥ ይሥቃል፥ ይበተናል። ሩቅ ትሄድ እንደ ሆነ የሚያውቅ አልነበረም፤ ባሏም ሁልጊዜ አንድ ነገር ሳያሻሽል ሊያወጣት የማይደፍር ጥንቁቅ ሰው ነበረ።

በነሐሴ ወር 1880 ዓ.ም.፥ በፈረንጆች በ1888 መሆኑ ነው፥ አንድ ጧት ቤርታ ሁለት ወንዶች ልጆቿን ኦይገንንና ሪሻርድን አስከትላ፥ ለባሏ ሳታስታውቅ፥ በሠረገላዋ ወደ እናቷ አገር ወደ ፕፎርትስሃይም ተነሣች። መንገዱ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ በፊት በቤንዚን ሠረገላ ይህን ያህል የሄደ ሰው አልነበረም።

እንግዲህ ፈተና የሚባለው ይህ ነው። ቤንዚን የሚሸጥበት ቤት ያን ጊዜ አልነበረምና፥ ቪስሎኽ በምትባል ከተማ ከመድኃኒት መሸጫ ቤት ሊግሮይን የሚባለውን የልብስ ማጽጃ ፈሳሽ ገዝታ ሞተሩን አጠጣችው። ውሃው እየፈላ ይተን ስለ ነበረ ከየጉድጓዱና ከየምንጩ እየቀዱ መሙላት ግድ ሆነ። የቤንዚኑ መሄጃ ቀጭን ቱቦ በቆሻሻ በተደፈነ ጊዜ በባርኔጣዋ መርፌ ወጋግታ ከፈተችው። የእሳቱ ሽቦ በተላጠ ጊዜ የእግሯን ሹራብ ማሠሪያ ፈትታ ሸፈነችው። በዳገቱ ሞተሩ አልችል ሲል ልጆቹ ወርደው ገፉ፤ በቁልቁለቱ የእንጨቱ ፍሬን ሲበላ ጫማ ሰፊ ፈልጋ ቆዳ አስለበጠችው። እንዲህ ሆና በዚያው ቀን ሲመሽ ከእናቷ ቤት ደረሰች፥ ለባሏም በቴሌግራም አስታወቀች። ከጥቂት ቀን በኋላም በዚያችው ሠረገላ ተመለሰች።

ከዚህ ሁሉ የማደንቀው ደፋርነቷን አይደለም። ከተመለሰች በኋላ ‹‹ደረስን›› ብላ ብቻ አልተቀመጠችም፤ የጎደለውን ሁሉ ለባሏ ዘርዝራ ነገረችው። ዳገት የሚያወጣ ተጨማሪ ማርሽ እንዲገባ፥ ፍሬኑም በቆዳ እንዲለበጥ ያደረገው ያ ጉዞ ነው። ካርል ቤንዝ በሥራ ቤቱ ውስጥ ሆኖ ዳገትን ሊያይ አይችልም ነበር፤ በሥራ ቤት ውስጥ ዳገት የለምና።

ለዚህ የሚረዳ ሌላ ምሳሌ በአሜሪካ አገር ይገኛል። ሳሙኤል ላንግሌ የተባሉ ታላቅ ሊቅ የሚበር መሣሪያ ሊሠሩ ተነሥተው ከመንግሥት 50,000 ዶላር ተቀበሉ። ረዳታቸው ቻርልስ ማንሊ ስቴፋን ባልዘር የጀመረውን ሞተር አሻሽሎ ከ50 የፈረስ ጉልበት በላይ የሚሰጥ፥ ለዘመኑ እጅግ ቀላልና ብርቱ የሆነ የቤንዚን ሞተር አወጣ። ሞተሩንም በማቆሚያ ላይ አስሮ በሙሉ ጭነት ሦስት ጊዜ አሥር አሥር ሰዓት ሳያቋርጥ አስኬደው። ይህ በ1895 ዓ.ም. ገደማ ለሚሠራ የቤንዚን ሞተር የሚያስደንቅ ጽናት ነው። በዚያው ዓመት በየካቲት ወር ራይት የተባሉት ሁለቱ ወንድማማቾች የራሳቸውን ሞተር ቢፈትኑ ግን፥ ገና በሁለተኛው ቀን ቤንዚን አንጠባጥቦ ዘንጉ ተነክሶ የሞተሩ አካል ተሰነጠቀባቸው። እንደ ገና አስቀልጠው አሠሩት፤ ጉልበቱም 12 የፈረስ ጉልበት ያህል ነበረ።

ይሁን እንጂ በ1896 ዓ.ም. በመስከረምና በኅዳር የላንግሌ መሣሪያ ሁለት ጊዜ ከጀልባ ላይ ተወንጭፎ ሁለት ጊዜ ወንዝ ውስጥ ወደቀ። ከሁለተኛው ውድቀት ዘጠኝ ቀን በኋላ የወንድማማቾቹ መሣሪያ በደካማው ሞተር በረረ። የማንሊ ሞተር ጥፋት አልነበረበትም። ሠላሳው ሰዓት የመሰከረው ስለ ሞተሩ ብቻ ነው፤ ሞተሩ ስለሚገጠምበት ክንፍና ስለ ማስወንጨፊያው ምንም አልተናገረም። እኔም ይህን ባነበብሁ ጊዜ ያ የነጋዴው ደልዳላ ሲሚንቶ ትዝ አለኝ።

በአገራችንም የቤንዚን ሠረገላ መጀመሪያ የመጣው በገበያ ሳይሆን በፈተና ጉዞ ነው። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌ የተባለ እንግሊዛዊ በሲድሌ ኦቶሞቢል ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ ገባ። ዳግማዊ አጤ ምኒልክም በኦቶሞቢሉ ተቀምጠው ተጓዙ። ብዙም ሳይቆይ ሆልትዝ የተባለ ጀርመናዊ ሌላ ኦቶሞቢል ይዞ መጣ። በዚያ ዘመን ባቡሩ የሚደርሰው እስከ ድሬዳዋ ብቻ ነበረ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ የግመልና የበቅሎ መንገድ ነው። የቤንትሌ ጉዞ ታሪክ በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ሆኖ በፈረንጆች 1913 ታትሞአል፤ ሆልትዝም የራሱን በጀርመንኛ ጽፎአል። እነዚህ ሰዎች ኦቶሞቢላቸውን መጀመሪያ ከአገሩ መንገድ ጋራ አገናኝተው አሳይተዋል።

የአገራችን መሬት ሞተርን የሚፈትነው በድንጋዩና በዳገቱ ብቻ አይደለም፤ በአየሩም ጭምር ነው። ሞተር ቤንዚን የሚያቃጥለው ከአየር ጋራ ቀላቅሎ ነው፤ ከፍ ባለ አገር ደግሞ አየሩ ይሳሳል። በሞተሩ ላይ የተጻፈው የፈረስ ጉልበት የሚለካው ለባሕር ጠለል በቀረበ አየር ነው። ከባሕር ጠለል 1,500 ሜትር ከፍ ባለ ቦታ ሞተሩ ከጉልበቱ ከስድስት እጅ አንዱን ያህል ያጣል። የእኛ ከተማ ከዚህም የሚበልጥ ከፍታ አላት። ስለዚህ ስድስት የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተሸጠልን ሞተር በገለምሶ አምስት እንኳ ላይሞላ ይችላል፤ ይህንም ሳያስቡ በልኩ የገዙ ሰዎች ውሃው ከማሳው አፋፍ ሳይደርስ ሲቀር ሻጩን ይረግማሉ።

ወደ ቤቴ ነገር ልመለስ። ባለፈው በጋ እኛም ሞተር ልንገዛ ተነሣን። ገንዘቡ ባለቤቴ ከዶሮና ከቅቤ ሽያጭ ያጠራቀመችው፥ ለትልቋ ልጃችን ትምህርት የታሰበ ነበረ፤ ከአትክልቱ ሽያጭ እንተካዋለን ብለን ነው። ነጋዴው በከተማችን የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው። እኔ በእርሳቸው ፊት ‹‹እንፈትነው›› ማለት አፍሬ ገንዘቡን ልቈጥር ስል፥ ባለቤቴ ነጠላዋን አስተካክላ፥ ‹‹ሐጂ፥ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሞተሩ ከእኛ ማሳ ወርዶ ከጧት እስከ ቀትር ውሃ ይሳብ፤ ገንዘቡም እስከዚያ በሽማግሌ እጅ ይቀመጥ›› አለች። ሐጂም ትንሽ ቅር ቢላቸውም፥ ‹‹ልጄ፥ አዲስ ሞተር በመጀመሪያው ቀን በሙሉ ኃይሉ አይጋለብም፤ ቀስ ብሎ ይለመዳል›› አሉ። ይህ እውነት ነው፤ አዲስ ሞተር በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በመካከለኛ ኃይል ሊሠራ ይገባዋል። ስለዚህ መጀመሪያ በቀስታ፥ ቀጥሎ እየጨመርን እንድንፈትን ተስማማን።

በማግሥቱ ከጧቱ 2 ሰዓት ሲሆን ሞተሩን በወንዙ ዳር አወረድነው። ቦታውን ቆፍረን አስተካከልን፤ በሞተሩ ላይም በሳሕን ውሃ አስቀምጠን ልክነቱን አየን። ዘይቱን በመለኪያው ዘንግ ተመልክተን ቤንዚኑን ሞላን። ከዚያም ባዶ በርሜል ከማሳው አፋፍ አቆምን፤ ልጄ ሰዓት ይዛ በርሜሉ በስንት ጊዜ እንደሚሞላ በደብተር ትጽፍ ጀመር። የመጀመሪያው በ70 ሴኮንድ ሞላ።

አርባ ደቂቃ ያህል ከሠራ በኋላ ሞተሩ ሁለት ጊዜ ተንተባተበና ጠፋ። ልቤ ወደቀ፤ ያቺ ሴትዮ ፊቴ ላይ መጡብኝ። የሐጂ ሠራተኛ የቤንዚኑን ክዳን ከፍቶ አየ፤ ቤንዚን አለ። ገመዱን ቢስብ ወዲያው ተነሣ። ‹‹አየር ገብቶበት ነው፥ ደኅና ነው›› አለ። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ዳግመኛ ጠፋ። ካንዴላው ተፈትቶ ተጠረገ፤ ደረቅና ንጹሕ ነበረ። ክዳኑ ተከፈተ፥ ቤንዚን አለ፤ ገመዱ ተሳበ፥ ተነሣ። በሦስተኛው ጊዜ እኔ ‹‹እንመልሰው፥ ታሟል›› አልሁ።

ባለቤቴ ግን ከሞተሩ አጠገብ ተቀምጣ ስትመለከት ቆይታ ነበርና፥ ‹‹ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር ትንፋሽ እንደ መሳብ ሲል አልሰሙም? ከጀሪካን ዘይት ስንቀዳ አየር መግቢያ ካጣ መቅዳቱን እንደሚያቆመው ነው። ቤንዚኑ የማይወርደው አየር ስላጣ ይሆናል›› አለችኝ። ክዳኑን ገልብጠን ብናይ በመካከሉ እንደ ሰናፍጭ ቅንጣት የምታህል ቀዳዳ አለች፤ እርስዋም በቀለም ተደፍናለች። ባለቤቴ ልጁን ልካ ከቤት የስፌት ወስፌዋን አስመጣችና ወጋችው። ሐጂ ራሳቸው ሣቁ፤ ‹‹ይህ ክዳን በአምስት ደቂቃ ሙከራ መቼም አይታወቅም ነበር›› ብለውም አመኑ። እኔ ግን ያን ጊዜ ወይዘሮ ቤርታንና የባርኔጣዋን መርፌ አስቤ ዝም አልሁ፤ የመጽሐፍ ዕውቀቴን የማወራበት ጊዜ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ሞተሩ ኃይሉ እየተጨመረለት፥ ለቤንዚን ካልሆነ በቀር ሳያቋርጥ እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ሠራ። ለቤንዚኑም እያጠፋን፥ ብረቱ እስኪበርድ እየጠበቅን እንቀዳ ነበር። ሠራተኛው በግለቱ ሊሞላ ሲል ባለቤቴ ከልክላዋለች፤ በጋለ ብረት ላይ የፈሰሰ ቤንዚን ሰውም ቤትም ያቃጥላል። በመጨረሻው ሰዓት በርሜሉ በ74 ሴኮንድ ሞላ፤ ጉልበቱ እንዳልወደቀ ከዚህ አወቅን። ጭሱን አየን፤ ሰማያዊ አልነበረም፥ ሰማያዊ ጭስ ሞተሩ ዘይት እያቃጠለ ለመሆኑ ምልክት ነውና። ጥቁርም አልነበረም፥ ጥቁር ጭስ ቤንዚን መብዛቱን ይናገራል። ከዚያም በግለቱ ሳለ አጥፍተን አሥር ደቂቃ ቆይተን አስነሣነው። ሲበርድ እሺ ብሎ ሲግል እንቢ የሚል ሞተር ብዙ ነው፤ ይህ ግን በአራተኛው ስበት ተነሣ። ዘይቱን እንደ ገና ለካን፤ ጥቂት ጎድሎአል። ከሥር ብንመለከት በመገጣጠሚያው በኩል ጠብ ጠብ ይል ነበር። ሐጂም በመካኒካቸው መካከል የሚገባውን ወረቀት በራሳቸው ኪሳራ አስለወጡልን፤ ገንዘቡም ከሽማግሌው እጅ ወጥቶ ተሰጣቸው።

እዚህ ላይ ለእናቶች አንድ ነገር ላስታውስ። ከሞተር ጭስ ጋራ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ሽታ የሌለው መርዝ ይወጣል። ስለዚህ ሞተር ዝናም እንዳይመታው ብሎ በቤት ውስጥ ወይም በወጥ ቤት አስነሥቶ መተው በእንቅልፍ ላይ ያለ ቤተ ሰብን ይገድላል። ለመብራት የሚያገለግለውም ትንሽ ሞተር እንደዚሁ ነው፤ ቦታው ከደጅ፥ ከመስኮትም የራቀ ይሁን።

በሳምንቱ ከእነዚያ ሴትዮ ደጅ ሳልፍ ቡና ጠሩኝ፤ ገባሁ። የሆነውን ሁሉ ነገርኋቸው። እርሳቸውም የተጣበቀው ሞተራቸው ተሠርቶላቸው ሊሸጡት ማሰባቸውን ነግረውኝ፥ ‹‹ወረቀቱን አሁንም አንተ ጻፍልኝ›› አሉ። ጻፍሁ። ቃሉም ይህ ነው፤ ‹‹ሞተሩ ከዚህ ቀደም ፒስተኑ ተጣብቆ የተጠገነ መሆኑን ሻጭዋ ነግረውኛል። እኔ ገዢው በማሳዬ ላይ በደልዳላ ቦታ አስቀምጬ፥ ከጧቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ውሃ አስስቤ፥ በግለቱ አጥፍቼ አስነሥቼ፥ ዘይቱን በፊትና በኋላ ለክቼ ተረክቤአለሁ።›› ገዢው ወረቀቱን ሲያነብብ፥ ‹‹እኔ ገና ስድስት ሰዓት አልፈተንሁትም›› አለ። ሴትዮዋም፥ ‹‹እንግዲያስ ቡናህን ጠጥተህ ውሰደውና ፈትነው፤ ፊርማው ነገ ይሆናል›› አሉት።